ጥሪው የያዡ ነው

ሰኞ፣ ኦክቶበር 7፣ 1929

ዛሬ ዝሆኑን አባረርነው። ጥፋቱ ሆዱ ነው። ተዋናይዋ ዊላ ፔይጅ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ “ልቤ ያንተ ነው” ስትል በማዳመጫዬ የሚመጣው የዝሆን አንጀት ጩኸት ነው። ዳይሬክተራችን ሚስተር ክራውዘር ባርኔጣውን ሰጋቱራው ላይ ወርውሮ፣ “ያለ ዝሆን ምን ዓይነት ሰርከስ ነው ሌስተር?” አለኝ።

“የሚናገር ፊልም ከፈለጉ ዝሆኑ ይውጣ” አልኩት። ዝሆኑ ወጣ። ነገ ደግሞ ለውዝ የሚበሉትን ተመልካቾች አስወጣለሁ፤ ወረቀታቸው ይንኮሻኮሻል።

ባለፈው ዓመት ይሄን ጊዜ ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ሽቦ ስቀጥል ስሜን የሚያውቅ አልነበረም። አሁን እኔ እጄን ካላነሳሁ ካሜራ አይዞርም። ፊልም ዝም ባለበት ዘመን ንጉሥ የነበሩ ተዋናዮች ድምፅ በምቀዳበት የመስታወት ክፍል ፊት ሲያልፉ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ደስ አይለኝም ብል ውሸት ነው።

ታሪኩ የፍቅር ነው። አንዲት የሰርከስ በራሪ አየር ላይ የሚይዛትን ሰው ትወዳለች፣ እሱ ይጠራጠራታል፣ መጨረሻ ላይ ዥዋዥዌው ላይ ይታረቃሉ። ዊላ ግን መሰላል መውጣት ገና ስትጀምር ያዞራታል፣ መሪው ተዋናይም ከሷ አይሻልም። ስለዚህ የሚበሩላቸው ሰዎች ከኢሊኖይ በባቡር እየመጡ ነው።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 9

የዥዋዥዌ ሰዎቹ ገቡ። ኮራ ዌድል በዊላ ፈንታ ትበራለች፤ ሩዲ ስታም ማዶ ካለው ዥዋዥዌ በጉልበቱ ተንጠልጥሎ ይይዛታል። እሱ ጎልማሳ ነው፣ አንገቱ እንደ ግንድ የደነደነ፣ ቃል የሚቆጥብ። እሷ ግን ገና ከመግባቷ መስታወቴን በጣቷ አንኳኳች።

“አንተ፣ ምን አጥፍተህ ነው እዚህ ያሰሩህ?”

“ድምፅ የምቀዳው እኔ ነኝ።”

“ጆሮ ነኝ በለኛ!”

ከምሳ በፊት ሠራተኛው ሁሉ “ጆሮ” ይለኝ ጀመር። ሌላ ሰው ያወጣልኝ ስም ቢሆን እቆጣ ነበር።

አርብ፣ ኦክቶበር 11

ችግር ገጠመን። ሚስተር ክራውዘር የፍቅሩ ቃል ከበረራው ጋር አብሮ፣ ሳይቆረጥ እንዲቀዳ ይፈልጋል። ኮራና ሩዲ እላይ ይበራሉ፤ ዊላና ተዋናዩ ከመጋረጃ ጀርባ ማይክሮፎን ፊት ቆመው ይነጋገራሉ። ሞከርነው። ዥዋዥዌው የተንጠለጠለበት ቀለበት ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ዊላ “እወድሃለሁ” ልትል አፏን ስትከፍት ደግሞ ሩዲ “ሃፕ!” ብሎ ይጮሃል።

ቀለበቶቹን በግራሶ አስቀባሁ፣ ገመዱን በፍላኔላ አስጠቀለልኩ። የቀረው ጩኸቱ ነበር።

“ጥሪው የያዡ ነው ወዳጄ” አለኝ ሩዲ፣ ሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው። “እሷ እላይ ስትደርስ መቼ ልልቀቅ ብላ አታስብም። ስጠራት ትለቃለች፣ በቃ። ማሰብ ከጀመረች ትወድቃለች።”

“ቃሉን ያበላሻል እኮ።”

“እንግዲያው ወሬያችሁን ሌላ ቦታ አውሩት።”

የመብራቱ ሐሳብ ያኔ ነው የመጣልኝ። ከሩዲ ጀርባ ትንሽ ቀይ አምፖል ይሰቀላል፤ ሲበራ ኮራ ትለቃለች። ሩዲ ሁለት እጁ ስለሚያስፈልገው ራሱ ሊያበራው አይችልም። ከመስታወት ክፍሌ ግን ሁለቱም በጎን ይታዩኛል፤ ማብሪያው እኔ ጋ ይሆናል። ክራውዘር ይህን ሲሰማ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። ሩዲ ኮራን አያት።

“ተው እንሞክረው” አለችው። “ጊዜውን ካሳለፈብኝ ወርጄ ጆሮውን ነው የምጎትተው።”

“ላንቺ ብዬ ነው” አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ እጄን ጨበጠ፣ ዕቃ እንደሚያስረክብ ሰው። መዳፉ ይሻክራል።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 15

ልምምዱ ሰመረ። ደጋግመን ሞከርነው፣ አንዴም አላሳለፍኩም። ማብሪያው ቅቤ ነው፤ ጣቴ ገና ሲነካው ይበራል። ካሜራዎቹም ለሙከራ ያህል ዞረዋል። በማዳመጫዬ ቃሉ ጥርት ብሎ ይመጣል፣ በላዩ ላይ ኮሽታ የለም።

ኮራ ላቧን እየጠረገች በመስታወቱ በኩል፣ “ከሩዲ ትሻለኛለህ! እሱን አንዳንዴ መሃል ላይ ያስነጥሰዋል” አለችኝ። ሩዲ ፈገግ እንኳ አላለም። ቀልድ አይገባውም መሰለኝ።

አርብ፣ ኦክቶበር 18

ማይክሮፎን ክፍት ከሆነ የመጣው ሁሉ ይሰማኛል። ይሄ ወሬ መስረቅ አይደለም፣ እንጀራዬ ነው። ዛሬ ኮራ ልብስ ለምታስተካክልላት ሴት፣ “ጆሮ ሸጋ ልጅ ነው፤ ለእህቴ የሚሆን” ስትል ሰማኋት። ሴትዮዋ፣ “ላንቺስ?” አለቻት። ኮራ ሳቀች። ምን ዓይነት ሳቅ እንደሆነ ፊቷን ሳያዩ መለየት ያስቸግራል። ሳቅ ድምፅ በምንቀዳበት የሰም ሸክላ ላይ ጥሩ ሆኖ አይቀዳም።

እህት እንዳላት አላውቅም ነበር።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 22

ኮራ ወደቀች። ከሥር የተዘረጋው መረብ ጠርዝ ላይ። ትከሻዋ። ማብሪያው ተጣብቆ ነበር። ሐኪም ቤት ወስደዋታል። ቆይቼ እጽፋለሁ።

በዚያው ቀን፣ ከራት በኋላ

ራት አልበላሁም። ሁሉንም በተራው ላስቀምጠው።

ዛሬ እውነተኛው ቀረጻ ነበር። ኮራና ሩዲ መሰላሉ ሥር ቆመው መዳፋቸውን ነጭ ዱቄት ሲቀቡ ማይክሮፎኑ ከራሳቸው በላይ ነበርና የሚባባሉት ይሰማኝ ነበር። ሩዲ፣ “ይሄ እንዳለቀ ሳንታ አና እንሂድ። እዚያ በሄዱበት ቀን ያጋባሉ አሉ” አላት።

“በዚህ ሱሪህ?” አለችው።

“በዚህ ሱሪዬ።”

“እሺ” አለችው። ሌላ ነገር አልጨመረችም። እሺ ብቻ። ይህን የምጽፈው አንድም ነገር እንዳይቀር ብዬ ነው፤ ከሆነው ጋር የሚያገናኘው የለም።

ወጡ። እጄን አነሳሁ፣ ካሜራዎቹ ዞሩ፣ ዊላ ቃሏን ጀመረች። ኮራ ከመቆሚያዋ ተነስታ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ደግማ ሄደች። ሩዲ ቁልቁል ተንጠልጥሎ እጁን ዘርግቶ መጣ። ማብሪያውን ተጫንኩ። ጣቴ እዚያው ላይ ነበር። መብራቱ ሲበራ ግን ኮራ ከፍታዋን ጨርሳ መመለስ ጀምራለች። መብራቱን አይታ ለቀቀች፣ አምና ለቀቀች። ጣቶቻቸው ተነካኩ። የተሰማ ድምፅ አልነበረም፤ ድምፅ የሚያወጣውን ሁሉ እኔ ዝም አሰኝቼዋለሁ። እሷም አልጮኸችም፣ ምናልባት እንዳይቀዳ ብላ ይሆናል። ዊላ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ምንም ስላላየች “ከእንግዲህ አንለያይም” እስከሚለው ድረስ ጨርሳ ተናገረች። እንደዚያ ጥርት ብሎ የተቀዳ ቃል እስከ ዛሬ የለኝም።

ማብሪያው ጠጣር ነው። ለክራውዘር ልነግረው ይገባል።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 24

ኤሌክትሪሺያኑ ማብሪያውን ፈታታው። “ምንም የለበትም ጆሮ፤ ከአዲስ ይሻላል” አለኝ። ዕቃ ሲሞቅ ይጣበቃል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይላቀቃል ብዬ አስረዳሁት። እሺ ብሎ ቡናውን ጠጣ።

ከሰዓት በኋላ የኩባንያው ሰዎች ሰበሰቡን። እኔ አፌን ሳልከፍት ሩዲ ተነሳ።

“ቀድሜ ተወዛወዝኩ። እኔ ነኝ።”

ሰበብ አላነሳም፣ መብራት የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። በነሱ ሙያ እንዲህ ነው አሉኝ፦ በራሪ ከወደቀ የሚጠየቀው ያዡ ነው፤ ለምን ብሎ ማስረዳት ነውር ነው። ከእንግዲህ በግቢው በር እንዳያልፍ አዘዙ። በራሪ የጣለን ያዥ ደግሞ የትኛውም ሰርከስ አይቀጥረውም።

“የምትጨምረው አለ ሌስተር?” አሉኝ።

“የለኝም” አልኩ።

በረንዳው ላይ አገኘሁት። እኔን ሊያጽናናኝ ሞከረ! “አንተ ምን ታደርግ። ጥሪው የኔ ነበር፣ አሳልፌ መስጠት አልነበረብኝም” አለኝ። ሰው ሁሉ ዛሬ ስለ ኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ መውደቅ ያወራል። እኔ አንዱም አልገባኝም።

እሑድ፣ ኦክቶበር 27

ብርቱካን ይዤ ኮራ ጋ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ክንዷን ከነትከሻዋ በጄሶ አሽገውታል። ስታየኝ፣ “ጆሮህን ልጎትት ነበር፣ በየትኛው እጄ!” ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ቆመ።

“መብራቱን እንዳየሁ ነው የለቀቅኩት” አለችኝ። “ወይስ ፈዝዤ ነበር? ልቤ ሳንታ አና ሄዶ እንደሆነስ? አንተ ከጎን ታየን ነበር። እውነቱን ንገረኝ፣ እኔ ነኝ አይደል?”

“የማንም ጥፋት አይደለም።”

“እንዲህ ሲሉኝ እኔ ነኝ ማለት ነው።”

ሩዲ አልመጣም። መምጣትም አይችልም። በነሱ ልማድ የጣለ ያዥ በራሪዋ ራሷ ካላስጠራችው ፊቷ አይቆምም። እሷ ደግሞ ራሴ አጥፍቼ በምን አፌ ላስጠራው ትላለች። እንዲህ ሁለቱም በየፊናቸው ጥፋቱን ሲሻሙ ሰማሁ። መሃላቸው ተቀምጬ ብርቱካን ልጥኩ።

ልወጣ ስል እጄን ያዘችኝ። “ሲግናል ሂል፣ የነዳጅ ጉድጓዶቹ ጋ ሥራ ገብቷል አሉ። አንተ ሂድልኝ። ና ትልሃለች በለው። ሌላ ምንም አትበለው፤ ይገባዋል።”

እሺ አልኳት።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 2

ሲግናል ሂል ሩቅ ነው። ሳምንቱን በሙሉ ቀረጻ ነበር። ዝናብም ነበር።

እሑድ፣ ኖቬምበር 10

“ነገርከው?” አለችኝ።

“ገና አላገኘሁትም።” ይሄ እውነት ነው። አላገኘሁትም።

ዛሬ ስለ ልጅነቷ አጫወተችኝ። እንዲህ ብዙ ሰዓት ሰምቻት አላውቅም፣ ያለ ማዳመጫ። ደስ ብሎኝ ነው የተመለስኩት፤ ደስታው እስከ ቤቴ በር እንኳ አልቆየም።

አከራዬ ወይዘሮ ኮልቢ ብርቱካኔን ስታይ ትነካካኛለች። “ለአንድ በሽተኛ አንድ ቅርጫት ሙሉ? ልጄ፣ ምን አድርገሃት ነው?” ብላ ሳቀች። ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 24

ጄሶው ወለቀ። ሐኪሙ ክንዷ ከትከሻዋ በላይ አይነሳም አለ። ፀጉሯን እንኳ በዚያ እጇ ማበጠር አትችልም። ሞክራ አሳየችኝ።

“ሩዲስ?” አለች።

“ሥራ ቀይሮ ሄዷል አሉ” አልኳት። አሉ ያለኝ ሰው የለም። ከየት እንደወጣ አላውቅም፣ ከአፌ ግን ወጣ።

“እንግዲህ አልፈለገም ማለት ነው” ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች። ለማልቀስ አንድ እጅ አይበቃም፤ ፊቷን በደንብ መሸፈን አቃታት። እዚያው ቁጭ ብዬ አየሁ። የምናገረው ሁለት ዓረፍተ ነገር ነበር። አልተናገርኩም።

እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

አርብ፣ ዲሴምበር 13

ፊልሙን ፓሳዴና ወስደን ለሕዝብ ሞከርነው። የውድቀቱ ቀን ቀረጻ ተጥሎ የልምምዱ ተቀጥሏል፤ በሥዕሉ ላይ ሩዲ ኮራን በሚገባ ይይዛታል። ቃሉ ያማረ ነው። ሰዉ ግን ቀዘቀዘ። ከኋላዬ አንዲት ሴት ለባሏ፣ “ዓሣ ይመስላሉ፤ ዝም ብለው ነው እንዴ የሚዘሉት? ሰርከስ ስንሄድ ይጮሁ የለ?” አለችው።

ክራውዘርም ሰምቷታል። አዳራሹ በር ላይ ክንዴን ጨበጠ። “ጩኸት እንጨምርበት። ያ ሰውዬ ምን ነበር የሚለው?”

“ሃፕ።”

“እሱን ግቢ ማስገባት አይቻልም። አንተው ጩኸው።”

እቤት ስገባ ይህን ደብተር ወደ ኋላ ገለጥኩ። ኦክቶበር 15፣ ማብሪያው ቅቤ ነው። በገዛ እጄ የጻፍኩት ነው።

አልተጣበቀም። እሺ ስትል ሰምቼ እጄ ቀዘቀዘ። እንድትወድቅ አልፈለግኩም፣ በእናቴ ስም አልፈለግኩም። የመጫኛው ጊዜ ሲደርስ አየሁት፣ ሲያልፍም አየሁት፣ ከዚያ ነው የተጫንኩት። ለምን እንደሆነ ብጽፍ ይህን ገጽ መቅደድ ይኖርብኛል።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 8፣ 1930

ክራውዘር ጩኸቱ የት እንደሚገባ ታሳየን ብሎ ኮራን አስጠራት። በሐኪም ቤት ካፖርት፣ ክንዷ በጨርቅ ታስሮ መጣች። ረዳቴና ክራውዘር የመስታወቱ ክፍል ገቡ። እኔና እሷ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ማይክሮፎኑ ፊት ቆምን። ሥዕሉ ያለ ድምፅ ግድግዳው ላይ ይሄዳል።

“ጊዜው ሲደርስ ደህናውን እጄን አነሳልሃለሁ፤ ያኔ ጥራ” አለችኝ።

በግድግዳው ላይ ኮራ ተነስታ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ደግማ ሄደች። ሩዲ እጁን ዘርግቶ መጣ። “ሃፕ!” አልኩ። እጆቻቸው ገጠሙ።

“ልክ ነው! ድጋሚ አያስፈልግም!” አለ ክራውዘር ከመስታወቱ ክፍል በድምፅ ማጉያው።

ኮራ አልተንቀሳቀሰችም። ደህናው እጇ ጎኗ ላይ እንዳለ ነው፤ አላነሳችውም።

“እጄን ሳትጠብቅ ጠራህ” አለችኝ። “ጊዜውን ታውቀዋለህ።”

ባዶውን ግድግዳ አየሁ።

“ጆሮ፣ ያን ቀን መብራቱ ዘግይቶ ነበር?”

ማይክሮፎኑ ክፍት ነበር። ክራውዘር ይሰማል፣ ረዳቴም ይሰማል። “ዘግይቶ ነበር” አልኩ። “ማብሪያው ደህና ነበር። እኔ ነኝ የዘገየሁት። ስለ ሳንታ አና ስታወሩ ሰምቼ ነበር።”

“መልእክቴስ?”

“አልሄድኩም። አንድም ቀን አልሄድኩም።”

በጥፊ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን እንደ ታመመች ላም ረጅም ትንፋሽ ነው ያወጣችው። ከዚያም፣ “ካፖርትህን ልበስ። ይህን የምትነግረው ለኔ አይደለም” አለችኝ።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 9

ትናንት ልጨርሰው አልቻልኩም።

በቀዩ ትራም ሄድን። መንገዱን ሙሉ ወደ መስኮቱ ዞራ ተቀመጠች። ሲግናል ሂል ከዳር እስከ ዳር የእንጨት ማማ ነው። ሌሎቹ ማማው ላይ ወጥተው ይሠራሉ፤ ሩዲ ሥር ቆሞ ቱቦ ይሸከማል። አልወጣም ብሎ ነው አሉ። ኮራን ሲያይ ቱቦውን አስቀመጠ፣ ቆቡን አወለቀ፣ ባለበት ቆመ። አንድ እርምጃ አልቀረበም።

“ና” አለችው።

መጣ። ጥቁር ዘይት የነካው መዳፉን ሱሪው ላይ ደጋግሞ ጠረገ፣ ግን አልነካትም።

“ጆሮ የሚነግርህ አለው” አለች።

ነገርኩት። የሰማሁትን፣ የዘገየሁትን፣ በስብሰባው ላይ የለኝም ያልኩትን፣ ያላደረስኩትን መልእክት። የልምምዱ ቀን ሥዕል ላይ አሁን ጥሪ መግባቱንም ነገርኩት። እያወራሁ ድምፄ ተቆራረጠ፤ በሥራ ቀን ቢሆን ይሄ አይቀዳም እል ነበር። ነገ ጠዋት በኩባንያው ሰዎች ፊት ይህንኑ እደግመዋለሁ፣ ክራውዘርም ሰምቷልና ማምለጫ የለኝም አልኩት።

ሩዲ መዳፉን እንደገና ሱሪው ላይ ጠረገ። እንዲመታኝ ፈልጌ ነበር።

“ጥሪውን ማን ጠራው?” አለኝ በመጨረሻ።

“እኔ።”

“በሰዓቱ?”

“በሰዓቱ።”

“በስንተኛው ሙከራ?”

“በመጀመሪያው።”

የኮራን የታመመ ክንድ አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

“ለካ ትችል ኖሯል” አለኝ።